እትዬ ስንትና የእኛ ገመድ

የትም ሰፈር ቢኬድ አንድ ቆጣሪ ሰው አይጠፋም። ሰፈሩ መብራት ላይኖረው ይችላል፣ ውሃ ላይኖረው ይችላል፣ ቆጣሪ ሰው ግን አለው። ይህን የምለው ብዙ አገር አይቼ አይደለም። ፍራሽ ሰፊ ነኝ፣ ከደጃፌ ርቄ አላውቅም። ግን እንዲህ ይመስለኛል።

የእኛ ሰፈር ቆጣሪ ክብርት እትዬ ስንት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ፣ የተሳፈረውንና የወረደውን ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣው እግራቸው ነው፤ ጣታቸው አልወጣም። ሰው ሲያስነጥሰው "ይማርህ" አይሉም፣ "ስንተኛህ ነው?" ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ እንባቸውን ሳይጠርጉ "አራት ወንበር ጎድሏል" አሉ። ተቆጠረ። አራት ጎድሎ ነበር።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ልጃችን ስትወለድ ነው። የባለቤቴ ወገብ ገና ስላልጠና የሽንት ጨርቅ ማጠቡን እኔ ያዝኩ። ነውር የለውም ይባላል። ግን በደጅ፣ በሰው ፊት፣ መቆንጠጫ በጥርሴ ነክሼ ጨርቅ ሳሰጣ መታየቱ... እኔ እኮ ሰላም ሲሉኝም የምደነግጥ ሰው ነኝ። የእትዬ ስንት መስኮት ደግሞ ልክ ከገመዳችን ፊት ለፊት ነው።

"አንተ ፍራሽ ሰፊ! ዛሬ ስንት?"

"እ... ልብ አላልኩም እትዬ።"

"ዘጠኝ ነው! ትናንት ስምንት ነበር። ጎሽ፣ የእኔ እመቤት!"

ጎሽ የተባለችው ልጄ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ይህ ሁሉ የሚባለው በጩኸት ስለሆነ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ትቶ "ዘጠኝ ገባ!" እያለ ያጨበጭባል። አንድ ቀን ፍራሽ ሊያዝ የመጣ ሰው "ዘጠኝ ምንድን ነው?" ሲለኝ "የጥጡ ኪሎ ነው" አልኩት።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል። ከሙቀቱ የባሰው ምክሩ ነው። አማቴ በስልክ "ውሃ በማንኪያ ስጧት" አሉ። ፀጉር አስተካካዩ "ማራገቢያ ፊቷ ላይ ልቀቁባት" አለ። ታላቅ ወንድሜ "ሙቀትን የሚመክተው ወፍራም ልብስ ነው፣ ጠቅልሏት" አለ። ታላቅ ስለሆነ ጠቀለልናት። ከጤና ጣቢያ የተሰጠን አንድ ወረቀት ነበር፤ እሱን ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ጨረስኩት። "ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውሃም አይሰጥ" ይላል። ልጃችን አራት ወሯ ነው። በዚህ ሐሩር ውሃ አይሰጥ? ለዶሮ እንኳ በጣሳ ይቀመጥላታል። ተሳስቼ አንብቤው ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። እትዬ ስንትን እንዳልጠይቅ አፈርኩ።

እፍረቱ ሲበዛብኝ ገመዱን ፈትቼ ወደ ውስጥ አስገባሁትና ከፍራሾቹ ጀርባ አሰርኩት። ተገላገልኩ። እድሌም የቀና መሰለኝ፤ የሚታጠበው ጨርቅ በየቀኑ አነሰ። ልጅቱ ማልቀስ ተወች። ላስቲኩ ገና ባልተገፈፈ አዲስ ፍራሽ ላይ ተኝታ ትውላለች።

"ጸባየኛ ልጅ ወጣችልን" አልኳት ባለቤቴን።

"አንተም ጨርቋን ቶሎ ቶሎ እየቀየርክላት እኔን አሳረፍከኝ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ የምትቀይራት እሷ መስላኝ ነበር። ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ። ግን የሚሰፋ ፍራሽ ነበረብኝ፣ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ስንት ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል።

"ገመዱ የት ሄደ?"

"ውስጥ ነው እትዬ። ፀሐዩ የጨርቁን ቀለም እንዳይበላው ብዬ..."

"ነጭ ጨርቅ ምን ቀለም አለው? ስንት?"

"ስምንት" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አይገባኝም። ቁጥሩ ደስ እንዲላቸው ይመስለኛል።

"እስቲ ዞር በል።"

ፍራሾቹን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። ጣታቸውን አነሡ። "አንድ..." አሉ። "ሁለት..." ሁለተኛውን ጨርቅ ዳሰሱት። "ይሄ የትናንት ነው፣ ደርቆ እንጨት ሆኗል።" ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። እትዬ ስንት የሚቆጥሩት ሲያጡ ያን ቀን አየሁ።

ቀጥ ብለው ወደ ልጅቱ ሄዱ። የተጠቀለለችበትን ፈተው አናቷን በመዳፋቸው ዳበሱ።

"እርግብግቢቷ ሰርጉዷል። ከንፈሯን እዩት፣ ኩበት ሆኗል። አንቺ ልጅ፣ መቼ ጠባች?"

"ተኝታለች ብዬ አልቀሰቀስኳትም እትዬ..."

"አንቺስ ውሃ መቼ ጠጣሽ?"

ባለቤቴ የደረቀ ከንፈሯን ላሰች።

"ተነሡ!"

ባለቤቴ ልጅቱን አቀፈች፣ እሳቸው ጃንጥላ ዘረጉላት፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ሮጥኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልጅቱን አገላብጣ አየች። "ፈሳሽ አጥሯታል። ደግነቱ ደርሳችሁላታል፤ አንድ ቀን ቢያልፍ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር" አለች። ጡት ቶሎ ቶሎ፣ ብታንቀላፋም እየቀሰቀሱ። አንዲት ስስ ልብስ ብቻ። ሰውነቷን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ማበስ። ውሃውን የምትጠጣው እናትየዋ።

"ለልጅቱስ?" አልኩ እንደምንም ደፍሬ።

"ጡቱ ውስጥ አለላት" አለች ነርሷ። "ሽንቷን እስክትሸና ከዚህ አትሄዱም። እምቢ ካለ ሆስፒታል እልካችኋለሁ።"

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልገባኝም።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ባለቤቴ በአንድ እጇ ኩባያ፣ በአንድ እጇ ልጅ ይዛለች። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። እትዬ ስንት በየጥቂቱ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ያዩና መልሰው ይሸፍኑታል፤ አይናገሩም። ያስፈራኝ አለመናገራቸው ነው። ከዚያ ድምፅ ለማምለጥ ገመድ የፈታሁ ሰውዬ "አሁን ይጩኹ፣ ኧረ ይጩኹ" እያልኩ በሆዴ ስማጸን፣ የትኛው እኔ እኔ እንደሆንኩ ጠፋኝ።

ፀሐዩ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ ወረደ፤ ከወለሉ ወደ በሩ ሄደ።

"አንድ!"

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ዘበኛው ሮጦ መጣ። እትዬ ስንት እርጥቡን ጨርቅ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ቆመዋል። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ብቻ አንድ የማላውቃቸውን ሽማግሌ አቅፌ ተገኘሁ።

በማግስቱ ገመዱን ደጅ መለስኩት። ፍራሹ ላስቲኩ ተገፎ ጥጥ አንሶላ ለበሰ። እናት የጠጣችው ውሃ በየት በኩል ዞሮ ልጅቱ ጋ እንደሚደርስ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ቢሆንም ከባለቤቴ አጠገብ የውሃ ጆግ ጎድሎ አያውቅም።

ባለፈው ጠዋት ግን የእትዬ ስንት መጋረጃ ሳይገለጥ ረፈደ። ጨርቁን አስጥቼ ጨረስኩ፣ መስኮቱ ዝም። መቆንጠጫ እንደነከስኩ ቆምኩ። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይዞ ወደ መስኮቱ ያንጋጥጣል። በመጨረሻ እኔው፣ ሰላምታ የሚያስደነግጠኝ ሰውዬ፣ መቆንጠጫውን ተፍቼ በሰፈሩ መሃል ጮህኩ፦

"ዛሬ ሰባት ነው!"

መስኮቱ ብርግድ አለ።

"ስምንት ነው! አንዱ ከሌላው ሥር ተደርቧል። ዓይን የለህም እንዴ አንተ?"

"ይቅርታ እትዬ" አልኩ።

የደረብኩት እኔ ነበርኩ። ሆን ብዬ።