ሊቀመንበር ሜሪልና ያልተቸኮለበት ካታሊስት

በሰሜናዊ ሜይን በአንዲት ትንሽ ከተማ የንጹሕ አየር ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት ሜሪል ፔልኪ ለሕዝብ ከዋሉት ውለታ ሁሉ የሚበልጠው፣ በሚገባ አስበውበትና ግራ ቀኙን አመዛዝነው ምንም ነገር አለማድረጋቸው ነበር።

ሳሎናቸውን የሚያሞቀው የእንጨት ምድጃ በሆዱ ካታሊስት የሚሉትን፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ይዟል። ሸክላው ጭሱ ወደ ሰማይ ሳይወጣ እዚያው መልሶ ያቃጥለዋል። ታዲያ እሱም እንደ ባለሥልጣን የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ሲያልቅበት መሄድ አለበት። ሊቀመንበሩ ግን ነባር አባልን በችኮላ የሚያሰናብቱ ሰው አልነበሩም።

በረዶው በጠናበት ሰሞን ሚስታቸው ቨርና ከደጅ ገባች።

«ሜሪል፣ ጭስ ማውጫችንን አየኸው?»

«እንፋሎት ነው።»

«እንፋሎት ጥቁር ነው እንዴ?»

«እንደ ብርዱ ሁኔታ ነው።»

የምድጃው ሙቀት መለኪያ ከፍ አልል ሲል፣ ሊቀመንበሩ መለኪያውን ቀየሩ። አዲሱም ያንኑ ሲናገር፣ የዛሬ ዘመን ዕቃ የሰው ወሬ ይደጋግማል ብለው ነቀሉት። የምድጃው መስታወት ሲጠቁር፣ ዓይን አያደክምም አሉ። እስከ ሚያዝያ ይበቃል የተባለው በርች የሚሉት ዛፍ ፍልጥ በጥር ሲያልቅ ጥፋቱን በበርቹ አላከኩ። ቨርና ደረቷ እያፏጨ ታስላለች።

«ቧንቧው በጥቀርሻ ታፍኗል፤ አንድ ቀን ተኝተን ይነድብናል» አለች።

«ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀርቧል።»

«ቤቱ እኮ የእኛ ነው፤ የኮሚቴው አይደለም።»

«እሱንም ኮሚቴው ያጣራዋል።»

እሳቸው «ካታሊስት መቼ ይተካል?» በሚል ርዕስ ሊወያዩ እንደ ወጡ ቨርና የቀዘቀዘውን ምድጃ ከፈተች። አሮጌው ሸክላ እንደ ደረቀ ብስኩት እጇ ላይ ፈረሰ። አስመጥታ የደበቀችውን አዲሱን አስገባች፤ ቧንቧውን ጠረገች፤ እጇን ታጠበች።

በማግስቱ ከጭስ ማውጫው ላይ የሚታይ ነገር ጠፋ። ሊቀመንበሩ ወገባቸውን ይዘው ሽቅብ ተመለከቱ።

«አላልኩሽም? ጊዜ ሲሰጡት ይድናል።»

ቨርና ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ስልክ አንስተው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የከተማው ጉባኤ ተጠራ፤ ካታሊስት በትዕግሥት የሚያገግም መሆኑ፣ መተካትም የጥድፊያ ውጤት መሆኑ ለውሳኔ ቀረበ። ቨርና ተነሣች።

«ያገገመ ነገር የለም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለቤቴ ባትቸኩል ኖሮ በራሱ ሊድን ጥቂት ነበር የቀረው።»

ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ፤ ለቨርናም ስለ ቅን ተሳትፎዋ ምስጋና ቀረበላት።

ከዚያ ወዲያ ካታሊስቱን የሚተካ ሰው ጠፋ፤ የካቲት ሲጋመስ ከተማዋ በጭስ ተዋጠች። መኪኖች በእኩለ ቀን መብራት አበሩ። አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው አልደን ዓይኑን እያሻሸ በራቸውን አንኳኳ።

«ሊቀመንበር፣ እንዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሁላችንም ቤት ይጨሳል። የእርስዎ ብቻ ነው ዝም ያለው። ምድጃውን ምን ነክቶት ይሆን?»

ሜሪል ወጥተው ንጹሑን ጭስ ማውጫቸውን ብዙ አዩት። ቨርና በትዳር ዘመኗ ሁሉ አይታው የማታውቀው ጥርጣሬ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ቨርና» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይሄ ካታሊስት አሁንስ መቀየር አለበት።»