በካርቱን የቀና አባት

ቅናት ደረጃ አለው። በጎረቤቱ መኪና የሚቀና ሰው ጤነኛ ነው፤ ቢያንስ መኪናው አለ። በባልደረባው ሹመት የሚቀናም ምክንያቱን ማስረዳት ይችላል። በሚስቱ የቀናውማ ሽማግሌ ይላክለታል፣ ዘመድ ይሰበሰብለታል፣ አብሮት የሚቆጣ ጓደኛም አያጣም። እኔ የቀናሁት ግን በሥዕል ነው። ጃፓኖች ቁጭ ብለው የሳሉት፣ ሥጋና ደም የሌለው፣ ግማሽ ፊቱን በፀጉሩ የጋረደ ቀጫጫ ጎረምሳ አንጨረጨረኝ ብዬ ለማን ልንገር? ለእናንተ ነገርኩ እንግዲህ፤ ሳቁና ጨርሱ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ፊልም በዲቪዲ የሚታይበት ጊዜ ነው። እኔና የማኅሌት እናት ጽጌ ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆኖናል። የምንኖረው በስዊድን ዋና ከተማ ነው፤ እነሱ ዩልስታ፣ የሰማያዊው ባቡር መጨረሻ ላይ፤ እኔ ደግሞ በቀዩ መስመር ቮርቢ ጎርድ። አንድ ልጃችን ማኅሌት አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ትመጣና እሑድ ማታ ትመለሳለች። ከቦርሳዋ መጀመሪያ የሚወጣው ታዲያ ፒጃማዋ ሳይሆን ዲቪዲው ነው። ካርቱኑን አጥፊና እንብላ ካልኳት፣ ካርቱን ሳይሆን አኒሜ፣ የጃፓኖች የሥዕል ፊልም፣ መሆኑን በስዊድንኛ ታርመኛለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ቤታችን የሚተዳደረው እንዲህ ነው።

ታሪኩ ውስጥ ጎራዴ የታጠቀ ዋና ጀግና አለ። ልጄ ግን ከሱ ጉዳይ የላትም። የምትወደው ከጀግናው ኋላ ኋላ እየሄደ ዕቃ የሚሸከመውን፣ በአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ከተናገረ በዛ የሚባልለትን ልጅ ነው። ችሎታው ምን መሰላችሁ? የሰው ልብ ያነባል። ዐይኑን ጨፈን፣ ጣቱን ግንባሩ ላይ ጣል ያደርግና አጠገቡ የቆመው ሰው በሆዱ የያዘውን ሁሉ ይሰማል። በእኛ አገር ቢሆን ደጁ ላይ ወረፋ ይያዝ ነበር፣ ቄሱም በስብከታቸው ያወግዙት ነበር። እዚህ የልጄ መኝታ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ለሱ ምንም ማስረዳት አያስፈልግም አለችኝ አንድ ቀን። እኔ ከሰኞ እስከ ዐርብ ሜርስታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስሸከም የምውል ሰው ነኝ፤ በመሸከም ቢሆን እበልጠው ነበር።

እሱ ብቅ ሲል ፊቷ ይፈካል። ለእኔ እንዲያ ፈክታ ታውቃለች? ቀናሁ። እኔም ልብ ማንበብ ሞከርኩ፤ ርቧታል ብዬ ፓስታ ቀቀልኩ፣ እሷ የፈለገችው ለካ ዝም እንድላት ነው።

ከዚያ የክለብ ነገር መጣ። የአኒሜ ወዳጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መሐል ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሰበሰባሉ። ማኅሌት ደወለችና፣ እዚያ ብሄድና አንተ ጋ ባልመጣ ይከፋሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ እኔ እንዴት እንዳደግሁ ታውቃላችሁ፤ እናንተም እንደዚያው ነው ያደጋችሁት። ምግብ ሲቀርብልን እየራበን «በልቻለሁ» የምንል፣ ጋባዡ «በሞቴ» ብሎ እስኪያጎርሰን የምንጠብቅ፣ ካላጎረሰን ደግሞ የምንቀየም ሰዎች ነን። ስለዚህ ምን ይከፋኛል፣ እንደፈለግሽ አልኳት። አልኩና «አይ፣ ከፍቶሃል» እንድትለኝ ጠበቅሁ። ስዊድን ያደገች ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠይቀው። አመስግናኝ ስልኩን ዘጋች።

አንደኛው ቅዳሜዬ አለፈ። ሁለተኛውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝምታው ባይነቅዝ እኔ ነቀዝኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውንም አውቃለሁ፣ የእኔ ደጃዝማችነት ደግሞ ያቺ ልጅ ብቻ ናት። በዚህ ዓይነት እየቀረች ጭራሽ ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ሥዕል ልጄን ቀማኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጃኬቴን ለብሼ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ባቡር ተሳፈርኩ።

የክለቡ ልጆች እያንዳንዳቸው የሚወዱትን የአኒሜ ሰው መስለው ለብሰዋል። ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ፊት ለፊቱ ወረፋ። ከጠረጴዛው ኋላ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ያ ጠላቴ፣ ከነግማሽ ፊቱ። ቀረብ ስል በሰው ሠራሹ ፀጉር ሥር የልጄን አገጭ አየሁ፤ አገጩ ከእኔ የወረሰችው ነው። ጨዋታው ልብ ማንበብ ኖሯል። ወረፋ የደረሰው ይቀመጣል፣ እሷ ሐሳቡን ትገምታለች፣ ከሳተች ወንበሩን ለሌላ ትለቃለች። እኔም በልጆች መሐል፣ ጺሜን ይዤ ተሰለፍኩ።

ስቀመጥ አልደነገጠችም። ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ በአማርኛ፣ «ለምን አትመጪም እያልክ ነው። በጣም ከፍቶሃል» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩም» አልኳት ራሴን ግራና ቀኝ እየነቀነቅሁ። የልማድ ነገር ነው፣ ከአፌ አመለጠኝ።

ከኋላዬ ያሉት ልጆች ልብ አንባቢው ተሳሳተ ብለው አጨበጨቡ። እኔም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ጠላቴን በገዛ ወንበሩ ላይ አሸነፍኩት። እሷ ግን የተባለችውን የምታምን ልጅ ናት፣ ወንበሩን ልትለቅ ተነሣች። ፀጉሩን ስታወልቅ ዐይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ልክ ነሽ። ከፍቶኛል። ቅዳሜ እንድትመጪ እፈልጋለሁ።» ወረፋው የሚሰማው በስዊድንኛ ብቻ ስለሆነ በስዊድንኛም ደገምኩት።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ክለቡ የሚያልቀው ከሰዓት ስለሆነ ከሚቀጥለው ቅዳሜዬ ጀምሮ ከዚያ በቀጥታ እኔ ጋ ልትመጣ ተስማማን። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ መንጨርጨር። ለዚያን ዕለት ወደ እናቷ ስለምትመለስ እስከ ባቡሩ ስሸኛት ደረቴን ነፋ አድርጌ ልቤን እንዴት እንዳነበበችው ጠየቅኋት፤ የአባትና የልጅ የደም ነገር ነው እንድትለኝ።

ሳቀችብኝና በስዊድንኛዋ መለሰችልኝ። «እኔ ምን አውቄ ነው ፓፓ? ባለፈው ሳምንት ማማ ናት የነገረችኝ። እንደፈለግሽ ካለ አትሂጂ ማለቱ ነው አለችኝ። እሷ ሁልጊዜም ታውቅ ነበር።»

ይህን ይዤ ቮርቢ ጎርድ ድረስ ተጓዝኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጽጌ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ መለያየት እንደምትፈልግ ስትነግረኝ የመለስኩላት ያንኑ «እንደፈለግሽ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሴን ሳጽናና የኖርኩት፣ ልቤን ስላልተረዳችው ነው የሄደችው እያልኩ ነው። ለካ ተረድታው ነው የሄደችው።