ብሬክዳውናችን ትተንፍስ!

የሐበሻ ወንድ በሁለት ነገር አይከራከሩትም፦ ነፋስ ሰው ይገድላል፤ ጩኸት ጉልበት ይጨምራል! የመጀመሪያውን ካላመናችሁ ናይሮቢ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከአንድ ሐበሻ አጠገብ ተቀመጡና መስኮት ለመክፈት ሞክሩ። ሁለተኛውን ካላመናችሁ ደግሞ... ባሌን ላስተዋውቃችሁ።

ግርማ ይባላል። እኔና እሱ የምንተዳደረው በአንዲት ብሬክዳውን ነው። እዚህ አገር ብሬክዳውን የሚባለው የተበላሸው መኪና ሳይሆን የተበላሸውን የሚጎትተው ነው። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በስልክ «ብሬክዳውን አለን» ብዬ በደስታ ስነግራት «አይዞሽ፣ ይሠራል» ብላ አጽናናችኝ።

መኪናችን አዲስ ናት ማለት ይቻላል። ናፍጣ ናት፤ ተርቦ አላት፣ ኮምፒውተር አላት፣ የጎደላት ነገር የለም። አንድ ቀን ግን ግርማ ማታቱ ከሚጠገንበት ጋራዥ ዕውቀት ሸምቶ መጣ።

«ይቺ መኪና ታፍናለች» አለኝ።

«ማን አፈናት?»

«ማርሚታው! ፈንዲው ነው የነገረኝ። ጭሱ እንደልቡ አይወጣም። ቢወጣላት ዳገቱ ሜዳ ነው የሚሆንላት።»

ፈንዲ እዚህ መካኒክ ማለት ነው። ይሄኛው ፈንዲ ደግሞ ማታቱ እያስጮኸ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው።

«የሠሯት ሰዎች ይሄን ሳያስቡበት ቀርተው ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! እስቲ ማርሚታ በደንበኛ አማርኛ ምን ይባላል?»

«እኔ እንጃ።»

«ድምፅ ማፈኛ! ሰማሽ? ማ...ፈ...ኛ! ስሙ ራሱ እየተናገረ እኮ ነው። አፋኝ ተሸክመን ነው የምንዞረው!»

ጉድ በሉ! ፋብሪካው መሐንዲሶቹን ሰብስቦ፣ ጭሱ በየት ወጥቶ በየት እንደሚሄድ ለክቶ የሠራውን ባሌ በአንድ የአማርኛ ቃል ረታው። መሐንዲሶቹስ ምን ይመልሱለታል? አማርኛ አያውቁ! ደግሞ እኮ ለመኪና ትንፋሽ እንዲህ የሚቆረቆረው ሰውዬ እኔ መስኮቱን ትንሽ ከፈት ሳደርግ «ዝጊው፣ ማጅራቴን መታኝ!» ብሎ የሚጮህብኝ ነው።

ፈንዲው ማርሚታውን ቆርጦ ጣለ። በምትኩ ክንድ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ቱቦ ገጠመላት። ሞተሩ ሲነሣ... እናንተዬ! የጋራዡ ድመት እስካሁን አልተመለሰችም። የግርማ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ስሚያት! ተነፈሰች እኮ!»

ወዲያው ከመሪው ፊት ለፊት አንድ ቢጫ መብራት ቦግ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ደስ ብሏት ነው» አለኝ።

ደስታዋን ዳገት ላይ አየነው። ቢጫው መብራት በበራ ቁጥር ኮምፒውተሯ ይሰጋል መሰለኝ ጉልበቷን ይሰበስብባታል። ጩኸቷ ቀድሞ ይደርሳል፣ እኛ ኋላ እንደርሳለን። ማታቱ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፃችንን ሰምተው እጅ ያነሣሉ፤ ሲያዩን ይሰድቡናል። ጭሱም ከሥር እየሾለከ ወደ እኛ ይገባል፤ መስኮት ደግሞ አይከፈትም። መኪናዋ ተንፍሳ እኛ ታፈንን።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ግን እትዬ አስካለ ደወሉ።

እትዬ አስካለ ሁርሊንግሃም የሚባል ሠፈር ትልቅ ምግብ ቤት አላቸው። የናይሮቢ ሐበሻ ነጋዴ እሳቸው ያሉትን ይሰማል። ሥራ ቀዝቅዞብን «ብሬክዳውኗን እንሽጣት፣ አንሽጣት» እያልን በምንጨቃጨቅበት ሰሞን ስለነበር ስልካቸውን ሳይ ልቤ ዘለለ። እሳቸውን ደንበኛ ካደረግን ዳንን፤ ካላደረግን መኪናዋ ትሸጣለች።

«የኔ ልጅ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «አዲሷ መኪናዬ ኪሌሌሽዋ እቤቴ በር ላይ ቀጥ አለች። ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ፣ ጸበል አስረጭቼ ያስመረቅኳት! ፎቁ ላይም ታችም የምኖረው ከሐበሻ ጋር ነው፤ መሳቂያ ነው የምሆነው። በናታችሁ ድምፅ ሳታሰሙ መጥታችሁ ውሰዱልኝ። ይሄን ካደረጋችሁልኝ የኔም የወንድሞቼም መኪኖች የእናንተ ናቸው፤ ሌላ ሰው አልጠራም።»

«ሰማህ ግርማ? ድምፅ ሳናሰማ!»

«ቀስ ብዬ እነዳለኋ!»

እውነቱን ነው፣ ቀስ ብሎ ነዳ። ይሄ ቱቦ ግን ቀስ ሲሉት ነው የሚብስበት፤ ያጓራል፣ ያስላል፣ ያስነጥሰዋል። ገና የግቢውን በር ስናልፍ የአንዱ መኪና አላርም ጮኸ። ሌላው ተቀበለ። ሦስተኛው ተከተለ፤ ከዚያማ ግቢው ሁሉ አንድ ላይ ኡኡ አለ! ግርማ ፊቱ በራ።

«አጀቡን እኮ!» አለኝ።

በረንዳው በሰው ሞላ። አንዷ ሴትዮ ሰርገኛ የመጣ መስሏት ነው መሰል ከላይ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ መቀመጫዬ ውስጥ ሰመጥኩ።

እትዬ አስካለ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ከመኪናቸው ጎን ቆመዋል። ቁልፉን በእጃቸው ይዘውታል።

«እትዬ አስካለ፣ መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?» አለ አንዱ ጎረቤት ከላይ።

እትዬ አስካለ ወደ ላይ አዩ። ወደ እኛ አዩ። ቁልፉን ቀስ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምን ትበላሻለች! እነዚህ መንገድ ጠፍቷቸው ነው!»

ዘልዬ ወረድኩና ተጠጋኋቸው። «እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ...»

«አስካለ ማናት?» አሉኝ ጥርሳቸውን ነክሰው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የምትፈልጉት ቤት እዚህ አይደለም! አስካሪ! ሰዎቹን ሸኛቸው!»

አስካሪ የሚሉት ዘበኛው ሸኘን። አላርሞቹም ሸኙን።

አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ እስክንደርስ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ ሐዘኑ በኋላ ነው የመጣው። እሳቸው ሄዱ፣ ወንድሞቻቸው ሄዱ፣ ያ ሁሉ ነጋዴ ሄደ። በማግስቱ መኪናዋን የሚገዛ ሰው መፈለግ እንዳለብን ሁለታችንም ገብቶናል። አንዲት ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ግርማ ነዳጁን ረገጥ አደረገና መኪናዋ ጫፉ ላይ ጉብ አለች። ፊቱ እንደገና ሲበራ አየሁት።

«አየሻት? ዳገቷን እንዴት አድርጋ ዋጥ እንዳደረገቻት አየሽ? አሁንስ አመንሽ?»

«ግርማ... እስቲ ዞር በልና ኋላዋን እይ። ምን ጎትታ ነው?»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ማርሚታ መቁረጥ ለዘመናዊ ብሬክዳውን ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ... እንዴታ! ከእንግዲህ የሚከብዳት ነገር አይገጥማትም።