አልሰለጠንሁም ባዩ ጎረቤቴ

«አልሰለጠንሁም» ብሎ ሹመት የሚመልስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በአብዮቱ ዘመን እኔ ልብስ ሰፊው እንኳ ሳላንገራግር የቀበሌ ጤና ኃላፊ ስሆን፣ የባሕር ዳሩ ጎረቤቴ አያሌው ግን እምቢ አለ። የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ የቀበሌውን ሞተር ጀልባ ንዳ ተባለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጀልባ መንዳት አልሰለጠንሁም» አላቸው።

«አብዮተኛ የማይችለው ሥራ የለም! ይህ አሻጥር ነው!» ብለው ጮኹበት።

ያን ጊዜ አሻጥረኛ መባል ቀልድ መሰላችሁ? እኔ ፈጥኜ መሪውን ጨበጥሁ። ጀልባዋን ከነሊቀመንበሩ ጣና ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ሰነቀርኋት፤ ባለታንኳዎች ጎትተው አወጡን።

በማግሥቱ ለሂስ ተሰበሰብን። ጥፋተኛው ማን ሆነ? አያሌው! «ጀልባዋን ላልሰለጠነ ሰው አጋልጧል» ተባለ። ይቀጣ ብዬ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቅጣቱስ? የጀልባ ነጂዎች አሰልጣኝ ተደረገ።