አትነሺ ብዬ የለመንኳት መኪና

መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን ሲያዞር ዝም እንዳትለው። እኔ ግን ልንገራችሁ፤ ከማትነሳ መኪና የባሰች የምታስፈራ አለች። ባልን ይዛ የምትነሳ!

ባለቤቴ ሰይድ እህል ነጋዴ ነው። እህል ነጋዴ ምን ዓይነት መኪና ይገዛል? ጭነት የምትችል፣ አይደል? የኔው ሰው ግን ጨፋ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አብዮቱ ሲመጣ ጥሎ የሄዳትን፣ ከዚያም ስንቱ እጅ የዞረችውን ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ይዞ ከች አለ። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ከማጠሯ የተነሳ ሰንበቴ ገበያ ስንሄድ ፍየሎች ቁልቁል ያዩናል። አንድ ኩንታል ማሽላ ከተጫነ ሚስት መቀመጫ የላትም። ቀይ መሆኗ ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቀው፣ ዘመኑ የሚወደው ቀለም ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር ደጄን የምዘጋበት ዘመን ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ማለዳ የቀበሌው ካድሬ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ደጃችን ቆመ። ወደ ሰሜን የሚያልፉ አንድ አዛዥ ፈጣን መኪና ስለሚፈልጉ የእናንተዋ ለእናት አገር ጥሪ ተመርጣለች አለና፣ እልል በሉ የሚለን ይመስል ፈገግ አለ። ጠባይዋን የሚያውቀው ሰይድ ስለሆነ እሱም አብሮ ይዘምታል አለ። መቼ ይመለሳል ብዬ ብጠይቅ «ድል ሲገኝ» አለኝ። ከሰፈራችን ድል ሲገኝ እንመለሳለን ብለው ከሄዱት አንድም የተመለሰ የለም። ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጄ ዘሀራ ገና «አባ» ማለት አልጀመረችም።

ሰይድ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። «እህ» አለች መኪናዋ፣ ወገቧን እንዳመማት አሮጊት። ደግሞ አዞረ። «እህ።» ከዚያ ዝም።

ደስ አለሽ ትሉኝ ይሆናል። የለም! ካድሬው፣ ሆን ብላችሁ ነው፣ ይህ የኢኮኖሚ ሻጥር ነው አለና ዓይኑ ደም ለበሰ። የዘመተ ሰው ቢያንስ በየት በኩል እንደሄደ ይታወቃል፤ ሻጥረኛ የተባለ ግን የገባበትን የሚያውቅ የለም። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም ይባላል፤ በእኛ በሁለቱም ጉድጓድ አፍ ድመት ተቀምጧል። ብትነሳ ባሌ ዘማች፣ ባትነሳ ባሌ ሻጥረኛ።

ካድሬው ራሱ ሊመረምራት እጅጌውን ሰበሰበ። የፊት ክዳኗን ብድግ ቢያደርግ ሞተር የለም! የዘሀራ የሽንት ጨርቅና ግማሽ ቁና ማሽላ ብቻ። «ሞተሩን የት ደበቃችሁት?» ብሎ ሲጮህ አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሰይድ በጣቱ ወደ ኋላዋ አመለከተ። የዚህች ሞተሯ ከኋላ ነዋ! ካድሬው ዞሮ አየና፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪናማ ሲፈጠርም አድኃሪ ነው አለ። የሳቀ የለም፤ ማን ደፍሮ?

ከዚያ ካንዴላዋ ተፈትቶ ተጠረገ። የባትሪዋ ገመድ ተፋቀ። ቤንዚኗ ተሸተተ። ታጣቂዎቹ ሳይቀሩ ላብ በላብ ሆነው ገፏት። «እህ» ብላ ቆመች።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ሸኽ ኑሬ ወጡ። መቼም በእኛ አገር እጅ ያቃተውን ዱዓ ይሞክረዋል። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኑማ!» ብለው ሰፈርተኛውን ሰበሰቡ። ካድሬው፣ አብዮት በዱዓ አያምንም ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ሰዓቱን አየና ግን ቶሎ በሉ አለ። ሸኹ ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ፣ ያረቢ ይህችን ብረት አስነሳልን አሉ። አሚን! ድምጿን አሰማን። አሚን! ካድሬው ጀርባውን ሰጥቶን መዳፉን በትንሹ ዘርግቶ እንደነበር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሲጨርሱ ሞተሯ ላይ «ቱፍ፣ ቱፍ» ብለው አረንጓዴ ምርቃታቸውን ረጩባት።

እኔ በአፌ አሚን እላለሁ። በሆዴ ግን፣ ያረቢ፣ እኚህን ደግ ሰው ሌላ ቀን ስማቸው፤ ዛሬ እኔን ስማኝ፤ አታስነሳት! በአንዲት መኪና ላይ ሁለት ዱዓ።

ሰይድ ቁልፉን አዞረ። «እህ» እንኳ አላለችም።

ወዲያው አዛዡ ደረሱ። ከጂፓቸው ሳይወርዱ አዩዋትና፣ ለዚህ ቁርጥራጭ ብረት ነው ያስቆምከኝ ብለው ካድሬውን አዋረዱት፤ ወደ ደሴም ተፈተለኩ። ካድሬው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ብረቱ በራሱ ያረጀ መሆኑ በበላይ አካል ስለተረጋገጠ የሻጥሩ ጉዳይ ተዘግቷል አለና ታጣቂዎቹን ይዞ ሄደ።

አቧራው ሳይረጋ ሰይድ ቁልፉን ሊነቅል ነካ ቢያደርገው፣ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት! ተነሳች፤ እንደ አንበሳ እያገሳች። ሸኽ ኑሬ «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ እኔ «ኧረግ አጥፋት! አጥፋት!» እያልኩ፣ ድምጿን በገላዬ የማፍነው ይመስል ዘሀራን እንዳዘልኩ ሞተሯ ላይ ተደፋሁ። አጠፋት። ለካ የሽማግሌ ዱዓ መሬት አይወድቅም፤ ይዘገያል እንጂ።

ጀግና ለአገሩ፣ ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። ለሚስቱም ይጨመርልኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናችን ጓሮ ዋለች፤ ዶሮዎች ጫጩት ፈለፈሉባት። ካድሬው በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣ ያቺ መኪና ተነሳች ወይ ይለኝ ነበር። ኧረ ገና ነው ጓድ፣ ዱዓ ላይ ነን እለው ነበር። ወላሂ አልዋሸሁም። ምን ብዬ እንደምለምን ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።