ገበሩን በውጭ

በየቤቱ እንግዳ ፊት የሚያሳቅቅ አንድ ዘመድ አይጠፋም። አንዱ ቤት ሰካራም ይደርሰዋል፣ አንዱ ቤት ወሬኛ። ለአንዲት ነርስ የደረሷት ክቡር አጎቷ ናቸው፤ ኮታቸውን ገልብጠው የሚለብሱት ጋሼ ግልብጥ።

ተሳስተው እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የኮት ገበር ሲሰፉ ነው የኖሩት። ኮሌታውን የሚሰፋው ሌላ፣ ቁልፉን የሚተክለው ሌላ፤ እሳቸው ገበር ብቻ። ጡረታ በወጡ ማግስት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኮታቸውን ገልብጠው ስፌቱን ፀሐይ አስመቱት። «ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ ውጪውማ ለፎቶ ነው» ይላሉ።

በዚህ ቢበቃቸው ምን ነበረበት! ልብስ ቤት ከገቡ የተሰቀለውን ሁሉ እየገለበጡ ያያሉ፤ ዘበኛውም ከኋላ ከኋላቸው። አውቶቡስ ውስጥ ከፊታቸው የቆመውን ሰው ኮሌታ ገልጠው «ይህን ማን ሰፋው?» ይላሉ። ሰውዬው የታወቀ ስም ከጠራ አለቀለት። ስሙን የለጠፈውን ሳይሆን የሰፋውን ነው የጠየቅሁህ ብለው እስኪወርድ ድረስ ያስተምሩታል።

አንድ ቀን ነርሷ በርካሽ ያገኘችውን ቀሚስ ይዛ እየፈነደቀች ገባች። ጋሼ ዋጋውን ሰምተው ቀሚሱን ገልብጠው ስፌቱን አዩት። «ጨርቁም፣ ክሩም፣ መርከቡም ከዚችው ገንዘብ ከተከፈለ ለሰፊዋ ምን ተረፋት?» አሉና ምሳቸውን ትተው ተነሱ። ቀሚሱን ለመልበስም ለመጣልም ልብ አጣች።

እናም የእጮኛዋ ወላጆች ሊተዋወቁ የሚመጡበት ቀን ሲቆረጥ እንቅልፍ አጣች። የልጁ እናት ልብሷ መጨማደድ የማያውቅ ሴት ናት፤ ለልጇ ከዚህ የተሻለ ቤት እንደምትመኝም ነርሷ ሰምታለች። ጋሼን፣ ለአንድ ቀን ብቻ ኮትዎን አይገልብጡ፣ የሰው ኮሌታም አይንኩ ብላ ለመነቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

በቀኑ ኮታቸውን በወጉ ለብሰው፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፈው ቀረቡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስለ መንገዱ ሲጠየቁ ደህና፣ ስለ ጤናቸው ሲጠየቁም ደህና። የማንንም ኮሌታ አልነኩም። እንግዶቹም ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ነርሷ ዞር ብላ ስታያቸው ሆስፒታል ውስጥ ጠያቂ ያጣ በሽተኛ መሰሏት። አንጀቷን በሉት። ለገዛ ቤታቸው እንግዳ ያደረገቻቸው እሷ ናት።

ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ኮትዎን ይገልብጡት» አለቻቸው።

«እንግዶቹስ፣ የኔ ልጅ?»

«የሚወዱን ከሆነ እንዲህ እንዳለን ይውደዱን።»

ሁለተኛ አልተለመኑም። ኮቱን አውልቀው ገለበጡና፣ እጅጌውን እንኳ በቅጡ ሳያስገቡ ወደ ልጁ እናት ዞረው ያን የመሰለ ጃኬት ማን እንደሰፋላት ጠየቁ። ሴትዮዋ ባሏን አየች፣ ልጇን አየች። የገዛችበትን ሱቅ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ የጃኬቷን ቁልፍ ፈታች። «እስቲ ይዩልኝ» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ፤ ነርሷ ቀድማ አቀበለቻቸው።