ባለ ሦስት ራሱ ውሻና የወንድሜ ሽምግልና

ትዕግሥት የለኝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። አለው፤ የማያውቀው የት እንዳስቀመጠው ነው። እኔን ውሰዱ። የወልድያ አውቶቡስ ሞልቶ እስኪነሳ ሩብ ሰዓት መቀመጥ አይሆንልኝም። ወርጄ እንጎራደዳለሁ፣ ረዳቱን እነዘንዛለሁ፣ ተመልሼ ስገባ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው አገኛለሁ። ቢሮ ውስጥ ፊርማ ስጠብቅ የአለቃዬን ጠረጴዛ በጣቴ ስለምደበድበው ከሁሉም ቀድሞ ለእኔ ይፈረምልኛል፤ አክብረውኝ ግን አይደለም። እናቴማ «ይሄ ልጅ ገና ሲወለድም ዘጠኝ ወሩን መጠበቅ አቅቶት ነው የወጣው» ትላለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ጠዋት አንድ በር ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቶ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ያለ አንዳች ቅሬታ የተነሳው።

በሩ የሙታን አገር በር ነው። አትደንግጡ፣ ጌም ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነርስ ነው፤ ሰቆጣ ውስጥ በተከራያት ክፍል ባለች አሮጌ ላፕቶፑ ላይ የግሪኮችን የጥንት አማልክት ተረት ይዞ የተሠራ የውጊያ ጌም ጭኗል። ጀግናው ጦርና ጋሻ አንግቦ ሚስቱን ሊያስመልስ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል። በሩን የሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። አንዱን ራስ ስትወጉት ሁለተኛው ይነክሳችኋል፤ ከሁለተኛው ስትሸሹ ሦስተኛው እሳት ይተፋባችኋል። አማልክቱ ደግሞ ከላይ ሆነው ሲቀናኑና ሲቀያየሙ ነው የሚውሉት። ከእኛ ቢሮ ብዙም አይለዩም።

ለምን ልጫወት እንደተቀመጥኩ ልንገራችሁ። ደሳለኝ አበርገሌ ተመድቧል። አበርገሌ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም መንገዱም ሰው ያማርራል። ልጁ እዚያ ጤና ጣቢያ ብቻውን ከሚቀመጥ ትርሐስ የምትባለውን መምህርት አግብቶ ይዟት ሊወርድ አሰበ። እሷ ፈቅዳለች። የቀረው የአባቷ የአቶ ኃይሉ እሺታ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። አባትየው ቶሎ እሺ ካላሉ ደሳለኝ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ቆላ ላይ ለብቻው ሊንቃቃ ነው። ሽማግሌ ሆነን የተመረጥነው የነፍስ አባታችን አባ ኪሮስ፣ ጎረቤታችን አቶ ስዩም እና እኔ ነን። እኔ የገባሁት ሦስት ለመሙላት ነው። አባ ኪሮስም «ያንተ ሥራ መቆም ነው፣ አፍህን አደራ» ብለውኛል። እነሱ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ነው እንግዲህ ከውሻው ጋር የተያያዝኩት። ሲጠሩኝ ሁለት ራስ ጥዬ ሦስተኛው ላይ ነበርኩ። አቋርጬ ወጣሁ፣ እጄ ግን አብሮኝ አልወጣም፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ አውራ ጣቴ ጉልበቴን ይጫን ነበር።

የአቶ ኃይሉ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳይሰማ፣ ተቀመጡ ቢባልም አይቀመጥም። ቆምን። አባ ኪሮስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ሰላምታ ተለዋወጡና ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አቶ ኃይሉ፣ ልጅዎን ትርሐስን ለልጃችን ለደሳለኝ እንዲሰጡን በሥላሴ ስም ልንለምን መጥተናል።»

አቶ ኃይሉ ዱላቸውን ተደግፈው ጀመሩ። ትርሐስ የተወለደች ዕለት ስለጣለው ዝናብ አወሩ። ስሟን ስላወጡላት አያቷ አወሩ። በተፈናቀሉበት ዓመት ሰው ሁሉ እህልና ልብስ ሲሸከም እሷ ደብተሮቿን በጆንያ ተሸክማ እንደወጣች አወሩ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት የእምቢታ መንደርደሪያ አድርጌ ነው። አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ይወጋል፣ ይመክታል። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ወደ እናቷ ቤተሰብ ሲሻገሩ አልቻልኩም።

«ጋሼ ኃይሉ፣ አጠር ያለ መልስ ይስጡን እንጂ! ሁዳዴ እኮ ደረሰ!»

አቶ ስዩም ጋቢያቸውን ስበው አፋቸውን ሸፈኑ። አባ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ኃይሉ ግን አልተቆጡም።

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉ። «አጭሩ መልስ ይኸውልህ፤ ከዘመድ ልምከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

እንግዲህ ከውስጥ ሆኖ ላየን ባለ ሦስት ራሱ እኛ ነበርን። ሁለቱ ራሶች ጨዋ ናቸው፤ እሳት የሚተፋው ሦስተኛው ነው።

በሁለት ሳምንቱ ስንመለስ አንድ አጎት ስላልደረሰ ሳምንት ተጨመረ። በሦስተኛው ሳምንት ሄደን አቶ ኃይሉ እሺ ብለው መረቁን፤ ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። በአራት ቀን ጠላ እንኳ አይደርስም። ደሳለኝ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አበርገሌ ወረደ።

እሺ ያሉን ዕለት ስንመለስ አባ ኪሮስ መንገድ ላይ ያዝ አደረጉኝ። «አቶ ኃይሉ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? የመጀመሪያው ቀን እሺ ሊል ነበር። ጾሙን እሱም ይቆጥራል። ወጉን አድርሶ ሊመርቅ ሲል ቀደምከው። ልጄን ለቁጡ ዘር ልሰጣት ነው እንዴ ብሎ ሰባት ቤታችሁን ሲያጣራ ነው ሦስት ሳምንት ያለቀው።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። በእውን ለማይነክስ ውሻ አንድ ጠዋት ሙሉ የሰጠሁ ሰው፣ አንድ አባት ልጁን ሲሰናበት አሥር ደቂቃ ቆሜ መስማት አቃተኝ። ሰውዬው እምቢ እያሉ አልነበረም። እየሸኟት ነበር።

በሳምንቱ ደሳለኝ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለ። ሙቀቱ አላስተኛ ብሎታል፤ ድምፁ ሰልሏል። «ወንድም ጋሼ» አለኝ፣ «ጋሼ ስዩም ሁሉን ነግረውኛል። ሌሎቹ ቆመው ሲያዳምጡ ስለ እኔ አፍህን የከፈትከው አንተ ብቻ ነህ አሉ። አንተ ባትኖር እኮ እስካሁንም እሺ አይሉም ነበር። ውለታህን አልረሳም።»

እውነቱን ልነግረው ነበር። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልቸኮልኩም።

«ወንድም ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» አልኩት።